112/300፦ ውስን የፊልም ፖስተር መሰብሰብ ለሚያምራችሁ

ስልካችሁ ላይ ስለ ፊልም የሚያወሩ ገጾችን የምትከታተሉ ከሆነ አይታችኋቸዋል። ፊልሙ የምናውቀው ነው፤ ፖስተሩ ግን ሲኒማ ቤት በር ላይ ካየነው ጋር አይገናኝም። የተዋናዮቹ ትልልቅ ፊት ተደርድሮ አይታይም። አንድ ሰዓሊ ቁጭ ብሎ ፊልሙን እንደ አዲስ አስቦ የሣለው ነገር ነው። ከግርጌው፣ ነጩ ጠርዝ ላይ፣ በእርሳስ የተጻፈች ትንሽ ቁጥር አለች፦ 112/300። ትርጉሟ ቀላል ነው። የታተመው 300 ብቻ ነው፤ ይሄኛው 112 ቁጥር ተሰጥቶታል።

ያቺ ቁጥር ስንቱን ሰው ታሳብዳለች መሰላችሁ! «300 ብቻ» ሲባል ልቡ የማይመታ የለም። «አሁን ካልገዛሁ አበቃ፣ ነገ ዋጋው እጥፍ ነው» የሚል ስሜት ይመጣል። እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ ቁጥሯን ባየሁ ቁጥር የመጀመሪያው ሴሚስተር ትምህርት ትዝ ይለኛል። ዋጋ የሚወጣው ከሁለት ነገር ነው፤ ከአቅርቦትና ከፍላጎት። ቁጥሯ የምትነግረን ስለ አቅርቦቱ ብቻ ነው። አንድ ሰው የሣለውን ሦስት ኮፒ ብቻ አትሞ «3 ብቻ!» ብሎ ቢለጥፍ፣ ፈላጊ ከሌለው ዋጋው የወረቀቱ ዋጋ ነው።

ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩት ለጀማሪ ነው። ገንዘቡ ብዙ ላልሆነ፣ ፊልም ግን ለሚወድ። ሐሳቤን ገና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፦ ቁጥሯን አትግዙ፤ ግድግዳችሁ ላይ አሥር ዓመት ብታዩት የማይሰለቻችሁን ሥራ ግዙ። ለምን እንደምል ደግሞ ከታች አንድ በአንድ እንየው።

ነገሩ ከየት መጣ?

የድሮ የፊልም ፖስተር ለሰብሳቢ ተብሎ አልታተመም። ማስታወቂያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ፖስተሮችን ለሲኒማ ቤቶች ያከፋፍል የነበረው ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የሚባል ድርጅት ነበር። ፖስተሮቹ ላይ «የድርጅቱ ንብረት ነው፣ ይመለስ» የሚል ጽሑፍ ይታተምባቸው ነበር። ሲኒማ ቤቱ ተከራይቶ ይለጥፋል፣ ፊልሙ ሲወርድ ይመልሳል፣ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ እየተቀደደ እየተቀደደ ያልቃል። ማንም «ይሄን ላስቀምጠው» አላለም። የዛሬው ውድነት የመጣው ከዚያ ነው።

ታዋቂውን ምሳሌ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1927 ለወጣው «ሜትሮፖሊስ» ለተባለው የጀርመን ፊልም ሃይንዝ ሹልዝ ኑዳም የሠራው ፖስተር በ2005 በ690,000 ዶላር ተሸጧል። የሚታወቁት ቅጂዎች አራት ብቻ ናቸው። ልብ በሉ፤ «4 ብቻ ይታተም» ብሎ የወሰነ ሰው አልነበረም። ወረቀቱ ስለጠፋ ነው አራት የቀረው። ፊልሙ ደግሞ በሲኒማ ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ ከፍ እያለ ስለሄደ ፈላጊው በዛ። አቅርቦት ወረደ፣ ፍላጎት ወጣ። ሁለቱም ባይገናኙ ኖሮ ይሄ ዋጋ አይኖርም ነበር።

ዛሬ «ሊሚትድ ኤዲሽን» የምንለው ግን ሌላ ታሪክ አለው። እዚህ ላይ ስሙ ሳይነሳ የማይታለፈው ሞንዶ ነው። አላሞ ድራፍትሃውስ ከሚባለው የቴክሳስ ሲኒማ ቤት ጋር ተያይዞ ኦስቲን ከተማ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን መጀመሪያ ይሸጥ የነበረው ካናቴራ ነው። ቀስ በቀስ ሰዓሊዎችን እየጋበዘ፣ ከፊልም ኩባንያዎች ፈቃድ እየወሰደ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ እያሳተመ መሸጥ ጀመረ። ኦሊ ሞስ፣ ታይለር ስታውት፣ ማርቲን አንሲን፣ ሎረን ዱሪዩ፣ ኬን ቴይለር የሚባሉት ስሞች በሰብሳቢዎች ዘንድ የገነኑት በዚህ መንገድ ነው። በ2011 ደግሞ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ በማርጋሬት ኸሪክ ቤተ መጻሕፍቱ የሞንዶን ፖስተሮች ማስቀመጥ ጀመረ። በ2022 ሞንዶን ፈንኮ የሚባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ገዛው። ዛሬ ሜዳው ላይ ሌሎችም አሉ፤ የብሩክሊኑ ቦትልኔክ ጋለሪና የእንግሊዙ ቫይስ ፕሬስ ለምሳሌ።

ለምን ጥቂት ብቻ ይታተማል?

«ለማስወደድ ነው» ብትሉ ግማሹን አግኝታችኋል። ሌላው ግማሽ ግን ሥራው ራሱ ነው። ብዙዎቹ የሚታተሙት በስክሪን ፕሪንት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካናቴራ ያሳተመ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል። በፍሬም የተወጠረ ጨርቅ አለ፣ ቀለሙ በላዩ ላይ ይፈስና በላስቲክ መጥረጊያ ተገፍቶ ያልፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ስክሪን ያስፈልጋል። ፖስተሩ ስድስት ቀለም ካለው እያንዳንዱ ወረቀት ስድስት ጊዜ ይታተማል፤ በየመሐሉም መድረቅ አለበት። አንዱ ቀለም ትንሽ ፈቀቅ ካለ ያ ወረቀት ተበላሸ። ሲያልቅ ስክሪኑ ታጥቦ ለሌላ ሥራ ይውላል።

ስለዚህ ወጪው በአብዛኛው መነሻው ላይ ነው፤ ሥዕሉ፣ ፈቃዱ፣ ስክሪኖቹ። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ የሰው ጉልበት ነው። 300 ፖስተር በእጅ ማተም ይቻላል፤ 30,000 ግን የሚታሰብ አይደለም። ውስንነቱ እውነተኛ ምክንያት አለው ማለት ነው። ይሄን ማወቅ ይጠቅማችኋል፤ ምክንያቱም በኮምፒውተር ፕሪንተር የታተመና «100 ብቻ» የተባለ ነገር ሲመጣላችሁ፣ 101ኛውን ለማተም አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ እንደሚበቃ ትረዳላችሁ። እዚያ ላይ የምትገዙት የሻጩን ቃል ነው። ቃሉን የሚያከብር ከሆነ ጥሩ፤ ግን ሻጩ ማን እንደሆነ ማጣራት የእናንተ ሥራ ነው።

የጀማሪ መዝገበ ቃላት

ገበያው የራሱ ቋንቋ አለው። እነዚህን ካወቃችሁ ይበቃችኋል።

«ሬጉላር» መደበኛው እትም ነው። «ቫሪያንት» ደግሞ ያው ሥዕል በሌላ ቀለም ወይም በሌላ ወረቀት፣ በጣም በትንሽ ቁጥር የታተመው። ብዙውን ጊዜ ቫሪያንቱ ይወደዳል። ሁልጊዜ ግን ያምራል ማለት አይደለም፤ ሰዓሊው መጀመሪያ ያሰበው ቀለም ሬጉላሩ ላይ ያለው ሊሆን ይችላል።

«ኤፒ» ማለት የሰዓሊው ድርሻ ነው። ከቁጥሩ ውጪ ለሰዓሊው የሚሰጡ ጥቂት ቅጂዎች ናቸው። ስለዚህ «300 ብቻ» የተባለው ፖስተር በተግባር ከ300 ትንሽ ይበልጣል። ማጭበርበር አይደለም፤ የቆየ የኅትመት ልማድ ነው።

«ታይምድ ኤዲሽን» ላይ ግን ቆም በሉ። እዚህ ቁጥሩ አስቀድሞ አይታወቅም። ሽያጩ ለተወሰኑ ቀናት ክፍት ይሆናል፣ ያዘዘ ሁሉ ያገኛል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ የታዘዘው ያህል ይታተማል። እኔ በበኩሌ ለጀማሪ ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ። መሽቀዳደም የለም፣ ሁለት ቀን አስባችሁ መግዛት ትችላላችሁ። «በኋላ አተርፍበታለሁ» ለሚል ሰው ግን አይሆንም፤ ፈላጊው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አግኝቷላ! ማን ቀርቶ ነው ጨምሮ የሚገዛው?

አንድ ነገር ልጨምር። 1/300 ከ212/300 ይሻላል ብለው ጭማሪ የሚጠይቁ ሻጮች አሉ። ቁጥሩ የሚጻፈው ኅትመቱ አልቆ ከተከመረ በኋላ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ «1» የተባለው መጀመሪያ የታተመው አይደለም። ትንሽ ቁጥር ደስ ካላችሁ ግዙ፤ የጥራት ማስረጃ ነው ብላችሁ ግን አትክፈሉ።

በ50 ዶላር ሸጠው ለምን ለሌላው ያተርፋሉ?

እኔን በጣም የሚገርመኝ ክፍል ይሄ ነው። ሞንዶ በገነነበት ዘመን የአንድ ፖስተር ዋጋ በአብዛኛው 50 ዶላር አካባቢ ነበር። ቀኑ ይነገራል፣ ሰዓቱ ግን አይነገርም። ድንገት ትዊተር ላይ «ወጣ» ይባላል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። እዚያው ዕለት ኢቤይ ላይ በሁለትና በሦስት እጥፍ ይታያል። ኦሊ ሞስ በ2010 ለመጀመሪያዎቹ ሦስት የ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች የሠራቸውን አስታውሱ፤ አንዱ ላይ የሮቦቱ፣ አንዱ ላይ የቦባ ፌት፣ አንዱ ላይ የዳርዝ ቬደር ጥላ አለ፤ ጥላው ውስጥ ደግሞ ሌላ ሥዕል። የሦስቱ ስብስብ በኋላ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ሲሸጥ ቆይቷል።

ታዲያ ሞንዶ ራሱ ለምን በ300 ዶላር አልሸጠውም? ምክንያቱም ዋጋውን ካስወደደው ደጋፊው ይሸሻል፤ «የሀብታም ጨዋታ» ይሆናል። ዋጋ ዝቅ ሲል ግን ወረፋ ይፈጠራል። በዚህ አገር ያደገ ሰው ይሄን ለመረዳት መማር አያስፈልገውም። ዋጋው ከገበያው በታች ሲሆን ዕቃው የሚደርሰው ቀድሞ ለተሰለፈ፣ ወይም ለሚያሰልፈው ሰው ላለው ነው። ዘይትና ስኳር ላይ አይተነዋል። ፖስተሩ ላይ ወረፋውን የሚይዙት ፈጣን ኢንተርኔት ያላቸው፣ አንዳንዴም ቦት የሚጠቀሙ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱን የሚወስዱት እነሱ ናቸው።

ለእናንተ ትርጉሙ ምንድነው? ከአዲስ አበባ፣ መብራትና ኔትወርክ በሚፈልጉት ሰዓት እየመጡ፣ በእንደዚህ ዓይነት ሽሚያ ውስጥ ትርፍ ለማግኘት መሞከር ከሯጭ ጋር በከባድ ጫማ መሮጥ ነው። ስለዚህ ሜዳውን ቀይሩ። ሽሚያው የማያስፈልግበትን ግዙ፦ ታይምድ ኤዲሽን፣ ከወጣ ሳምንት ሆኖትም ያላለቀ እትም፣ ወይም ዓመት አልፎት ዋጋው የተረጋጋ። የመጀመሪያው ሳምንት ዋጋ በጉጉት የተነፋ ነው። ሌላ አዲስ ፖስተር ሲወጣ የሰዉ ዓይን ወደዚያ ይዞራል፣ ብዙዎቹም ይረክሳሉ።

ሂሳቡን እናስላው

«እሸጠዋለሁ» ለምትሉ አንድ ምሳሌ። እንበልና ፖስተሩን በ60 ዶላር ገዛችሁ፤ ማስላኪያ 15። ወጪያችሁ 75 ሆነ። ከስድስት ወር በኋላ በ100 ዶላር ሸጣችሁ። «25 አተረፍኩ!» ትላላችሁ። ቆይ። የመሸጫው መድረክ የራሱን ይቆርጣል፤ 13 ዶላር ነው እንበል። ማስላኪያውን እናንተ ከቻላችሁ ሌላ 15 ይወጣል። እጃችሁ ላይ የቀረው 72 ነው። ዋጋው ከ60 ወደ 100 ወጥቶ እናንተ 3 ዶላር ከሰራችሁ። ቱቦ ፍለጋ የዞራችሁበትንና ፖስታ ቤት የተሰለፋችሁበትን ሰዓት ገና አልቆጠርነውም።

ሁለተኛው ወጥመድ «የተጠየቀ ዋጋ» ነው። ኢቤይ ላይ አንድ ሰው 900 ዶላር ብሎ ስለለጠፈ ፖስተሩ 900 ዶላር ያወጣል ማለት አይደለም። እኔም ቤቴ ያለውን ወንበር መቶ ሺህ ብር ብዬ መለጠፍ እችላለሁ። የምትፈልጉት በእውነት የተሸጠበትን ነው። ኢቤይ ላይ ማጣሪያው ውስጥ ገብታችሁ የተሸጡትን ብቻ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ኤክስፕሬሶ ቢንስ የሚባል ድረ ገጽም አለ፤ ብዙ ፖስተሮች ስንት እንደታተሙ፣ መጀመሪያ በስንት እንደወጡ፣ በኋላ በስንት እንደተሸጡ ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው ይመዘግቡበታል። ከመግዛታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ እዚያ ላይ ብታጠፉ ብዙ ብር ታተርፋላችሁ።

እውነተኛውን ከኮፒው መለየት

እዚህ ላይ ስልካችሁ ጥሩ መሣሪያ ነው። ማክሮ ካሜራ ካለው ወደ ወረቀቱ አስጠጉት። በስክሪን ፕሪንት የታተመ ቀለም ወፍራምና ሙሉ ነው፤ ሁለት ቀለሞች በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ይታያል። ወደ ብርሃን ስታዘነብሉት ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ሊታያችሁ ይችላል። በተራ ፕሪንተር የወጣ ኮፒ ግን ሲያጎሉት የሰማያዊ፣ የቀይ፣ የቢጫና የጥቁር ደቃቅ ነጠብጣብ ነው። አንዳንድ ስክሪን ፕሪንትም ሆን ተብሎ ነጥብ ይኖረዋል፤ ነጥቦቹ ግን ትልልቅና ባለ አንድ ንጹሕ ቀለም ናቸው።

ሁለተኛ፣ መጠኑን ለኩ። የብዙዎቹ ውስን ፖስተሮች መጠን 24 በ36 ኢንች፣ ማለትም 61 በ91 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መደበኛ ፖስተር ደግሞ በአሁኑ ጊዜ 27 በ40 ኢንች ነው። ሻጩ «ከሲኒማ ቤት የወጣ ኦሪጂናል» ብሎ 24 በ36 ካመጣላችሁ ጠይቁት። በነገራችን ላይ ብዙዎቹ የቅርብ ዘመን የሲኒማ ቤት ፖስተሮች ከጀርባቸውም ይታተማሉ፤ ሥዕሉ ተገልብጦ፣ ቀለሙ ቀለል ብሎ። ከኋላው መብራት ባለው ሳጥን ውስጥ ሲሰቀል ቀለሙ እንዲደምቅ ነው። ለሽያጭ የሚታተመው የመደብር ፖስተር ይሄ የለውም።

ሦስተኛ፣ ከግርጌው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። ፈቃድ ያለው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የፊልሙን ኩባንያ የባለቤትነት መስመር ይይዛል። ፈቃድ የሌለውም ሥራ በብዛት አለ፤ አንዳንዱም ያምራል፤ ግን የምትገዙትን አውቃችሁ ግዙ።

ቴሌግራም ላይና በየሱቁ የሚሸጠው፣ ከኢንተርኔት ወርዶ ስቲከር ወይም ባነር ላይ የታተመው ፖስተር ለጌጥ ምንም አይልም። ዋጋው የጌጥ ዋጋ እስከሆነ ድረስ። «ሊሚትድ» ተብሎ ሲጨመርበት ግን የእርሳሱን ቁጥር፣ የሰዓሊውን ስምና መጀመሪያ የሸጠውን አካል ጠይቁ። ሻጩ ካልመለሰ መልሱ ያ ነው።

ከዚህ ሆኖ መግዛት

ሐቁን እንነጋገር። ዋጋው በዶላር ነው፣ እኛ ያለን ብር ነው። ፖስተሩን የምታስቡት በዕለቱ ምንዛሪ ይሁን፤ ባለፈው ዓመት ምንዛሪ አስቦ የሚመኝ ሰው ልቡ ይሰበራል። በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ማስላክ ደግሞ አንዳንዴ ከፖስተሩ ዋጋ በላይ ይሆናል። ቀረጥም ሊኖር ይችላል።

ብዙዎቻችን የምናውቀው መንገድ ዘመድ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ለንደን ያለች እህት፣ አክስት፣ የድሮ ጓደኛ። እዚያ ባለ አድራሻ ይገባል፣ ሰው ሲመጣ ይመጣል። ግን ስትለምኑ የሚቸገሩበትን አስቡላቸው። ፖስተር የሚላከው በካርቶን ቱቦ ተጠቅልሎ ነው፤ ቱቦው ወደ አንድ ሜትር ሊጠጋ ይችላል፣ ሻንጣ ውስጥ ሁልጊዜ አይገባም። «እትዬ፣ ትንሽ ዕቃ ናት» ብላችሁ ቱቦ ካስያዛችኋቸው ሁለተኛ አይቀበሏችሁም። ስለዚህ መጠኑን አስቀድማችሁ በሳንቲ ሜትር ንገሯቸው። ትንንሽ እትሞችም አሉ፤ 12 በ18 ኢንች፣ ማለትም 30 በ46 ሳንቲ ሜትር የሆኑ፤ እነዚህ በጠንካራ ካርቶን መሐል ተዘርግተው ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። ዋጋቸውም፣ ፍሬማቸውም ይቀንሳል። የመጀመሪያችሁ ከዚህ መጠን ቢሆን እመርጣለሁ።

ባጀታችሁን ስታወጡ ፍሬሙን አትርሱ። አሥር ፖስተር ገዝቶ ቱቦ ውስጥ ከማጨቅ አንድ ገዝቶ በሥርዓቱ መስቀል ይበልጣል። የኔ ደንብ ቀላል ናት፦ የመስቀያው ብር ካልተዘጋጀ ፖስተሩ አይገዛም።

ወረቀት እንዴት ይጠበቃል?

ቱቦው ሲደርስ ወዲያው አትጎትቱት። እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ፣ ንጹሕ ጠረጴዛ ወይም አልጋ ላይ ቀስ ብላችሁ አውጡት፣ በሁለት እጅ ያዙት። በአንድ እጅ ብቻ ከያዛችሁት ወረቀቱ ታጥፎ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ስብራት ይወጣበታል፤ እሱ ደግሞ አይጠፋም። ከላይና ከታች ንጹሕ ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ፣ መጽሐፍ ደርድራችሁበት ጥቂት ቀናት ተዉት፤ ይዘረጋል።

ፍሬም ቤት ስትሄዱ ሦስት ነገር ተናገሩ። አንደኛ፣ ላሚኔሽን አይደረግ። ለሰርተፊኬት የለመድነው ነገር ነው፤ ፖስተሩን ግን ይገድለዋል፣ ከዚያ በኋላ ሰብሳቢ አይገዛውም። ሁለተኛ፣ በኮላ ቦርድ ላይ አይለጠፍ፣ ጀርባውም በተራ ፕላስተር አይያዝ። ፕላስተር ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወደ ፊት ይወጣል። አሲድ አልባ ቴፕ ከተገኘ ከላይ በኩል ሁለት ቦታ ብቻ መያዝ ይበቃል። ሦስተኛ፣ መስታወቱ ወረቀቱን አይንካ። በመሐል የካርቶን ጠርዝ ይግባ፤ አለበለዚያ እርጥበት ሲመጣ ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል።

ሲሰቀል ደግሞ ፀሐይ በቀጥታ የማታገኘው ግድግዳ ምረጡ። የአዲስ አበባ የጠዋት ፀሐይ ደስ ትላለች፤ ቀለም ግን አትምርም። ክረምት ላይ እርጥበት የሚያወጣ የውጭ ግድግዳም አይሆንም። የተከራያችሁት ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ግድግዳ ብቻ ካለ፣ ፖስተሩን ዘርግታችሁ በሁለት ንጹሕ ካርቶን መሐል አልጋ ሥር አስቀምጡት። ቤት ስትቀይሩ ይሰቀላል።

የራሳችንስ?

እስካሁን ያወራነው ስለ ሌላ አገር ወረቀት ነው። አሁን ወደ ቤት እንግባ።

ጋና ውስጥ በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ማጫወቻና ጄኔሬተር ይዘው ከመንደር መንደር እየዞሩ ፊልም የሚያሳዩ ሰዎች ነበሩ። ማስታወቂያቸውን ሰዓሊዎች በተተረተረ የዱቄት ጆንያ ላይ በእጃቸው ይሥሉላቸው ነበር። ያን ጊዜ ተራ ማስታወቂያ ነበር። ዛሬ የውጭ ጋለሪዎች ይሸጡታል፣ መጽሐፍ ታትሞበታል። እያንዳንዱ በእጅ ስለተሣለ ከአንድ በላይ የለም። 1/1 ማለት እሱ ነው።

እኛስ? «ጤዛ» በ2009 የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወስዳለች። «ድፍረት» በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት አግኝታለች። «ላምብ» በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባች የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ፊልም ናት። ከነዚህ ውጪ በየሲኒማ ቤቱ በር ላይ ተሰልፈን ያየናቸው የአማርኛ ፊልሞች አሉ። የእነሱ ፖስተር የት ነው? አጥር ላይ ተለጠፈ፣ በላዩ ላይ ሌላ ተለጠፈ፣ ዝናብ አወረደው። ልክ እንደ ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ ዘመን፣ «ይሄን ላስቀምጠው» ያለ ሰው ጥቂት ነው።

አንድ ጀማሪ በዶላር የማይሸነፍበት ሜዳ ይሄ ነው። ፊልም ከሲኒማ ቤት ሲወርድ ሠራተኞቹን በትሕትና ጠይቁ፤ «ጋሼ፣ ይሄ ፖስተር ከሚጣል ለኔ ይሰጠኝ?» የፊልሙን ሰዎች ስታገኙ አስፈርሙ። በሌላ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ሲኒማ ቤቱን፣ ከማን እንዳገኛችሁት ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡ። ፖስተሩ ላይ ግን ምንም አትጻፉ። ከዓመታት በኋላ ሰው «ይሄ እውነት ነው?» ሲል መልሱ ያቺ ወረቀት ናት።

ከዚህም አልፎ፣ ካናቴራ የሚያትሙት ስክሪኖች እዚሁ ከተማ ውስጥ አሉ። ጎበዝ ሰዓሊዎች ኢንስታግራም ላይ ሞልተዋል። የፊልሙን ባለቤት በጽሑፍ አስፈቅዶ፣ በሦስት ቀለም፣ በጥሩ ወረቀት 50 ቅጂ ማተም፣ ሰዓሊውም ቁጥር ጽፎ እንዲፈርምበት ማድረግ ይቻላል። ቀለሙ ሦስት ብቻ ከሆነ ስክሪኑም ሦስት ነው፤ ወጪው ይቀንሳል። ፊልሙን የሠራው፣ የሣለው፣ ያተመው ሁሉ ከፋዩ ብር ላይ ድርሻ ያገኛል። ፈላጊ ይኖራል ወይ? እሱን አላውቅም እያልኩ አልሸሽም፤ ለማወቅ ያለው መንገድ ትእዛዝ አስቀድሞ ተቀብሎ የታዘዘውን ያህል ብቻ ማተም ነው። ታይምድ ኤዲሽን ያልነው ይኸው ነው።

እንግዲህ በዚህ ወር ምንም አትግዙ። የምትወዷቸውን አምስት ፊልሞች ጻፉ። የእያንዳንዳቸውን ውስን ፖስተሮች ፈልጉ፣ የተሸጡበትን ዋጋ መዝግቡ፣ ስክሪንሾት ያዙ። ከወር በኋላ ዝርዝሩን ክፈቱት። አሁንም ዓይናችሁን የሚይዘው የትኛው ነው? ሁለት ከሆኑ ርካሹን ግዙ። አንድም ከሌለ ብሩ እጃችሁ ላይ ነው፤ የአገር ውስጥ ፊልም ግቡበት። ስትወጡ ደግሞ በሩ ላይ ያለውን ፖስተር ልብ ብላችሁ እዩት፤ የሚወርድበትንም ቀን ጠይቁ።